በነፋስ የመጣ ትምህርት

ከአዲስ አበባ መካከል ወደ ደቡብ ወርደን በደብረ ዘይት መንገድ ስንጓዝ የምናገኘው ሰፈር ንፋስ ስልክ የተባለው፣ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፍ የራዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ በዚያ ቆሞ ስለ ነበረ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1890 ዓ.ም. ግድም፣ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር የስልክ ሽቦ በተዘረጋ ጊዜ ሕዝቡ የሰው ቃል በሽቦ ላይ መሄዱን አይቶ ተደነቀ። ኋላ ደግሞ ሽቦው ራሱ ቀርቶ ቃል በባዶ አየር ሲሻገር ቢሰማ፣ ለዚህ አዲስ ነገር የባዕድ ስም መበደር ሳያስፈልገው የነፋስ ስልክ ብሎ ሰየመው። ጣልያን አገራችንን ሊወር በተነሣበት በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያን አቤቱታ ለዓለም ያሰሙት በዚሁ በነፋስ ስልክ ጥበብ ነበር። ዛሬ ስሙ ከላፍቶ ጋራ ተጣምሮ የአንድ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኗል፤ በዚያ የሚያልፈው መንገደኛ ግን ስሙን ሲጠራ ትርጕሙን የሚያስብ አይመስለንም።

እኛ ስሙን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ካለፉት ስድሳ ዓመታት ወዲህ በአገራችን ትምህርትን ለማስፋፋት ከታሰቡት መንገዶች ብዙዎቹ የነፋስ ስልክ ልጆች ናቸውና። ራዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ በሳተላይት የመጣው ፕላዝማ፣ አሁን ደግሞ በእያንዳንዱ ወጣት ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ፣ ሁሉም የመምህርን ቃል በአየር ተሸክመው ሩቅ ወዳለው ተማሪ ለማድረስ የተጠሩ ናቸው። በየጊዜው በታላቅ ተስፋ ተቀብለናቸዋል። ወደ ፊት ትምህርታችን ምን መልክ ይኖረዋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ እነዚህ ያደረጉልንንና ያላደረጉልንን ቢመረምር ይጠቅመዋል እንላለን።

ለምርመራችን ማነጻጸሪያ እንዲሆነን ወደ ጥንቱ ጉባኤ መለስ እንበል። የቅኔ ተማሪ ቀን በየጥሻውና በየዛፉ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ሲመሽ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይነግራል። መምህሩም አድምጦ፣ ቤቱ የጎደለውን ያርማል፣ ምሥጢሩ የሳተውን ይመልሳል፣ አንዳንዴም ምንም ሳይናገር «ሂድና እንደ ገና ቍጠር» ብሎ ይሰደዋል። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፣ እያለም እስከ መወድስ የሚደርሰው በዚህ በየማታው በሚደረግ ንግግርና እርማት ነው። ይህን ስንል የጥንቱን ትምህርት ሁሉ ለማወደስ አይደለም። በዚያ ጉባኤ የሴት ልጅ ቦታ እጅግ ጠባብ ነበር፤ ዳዊትንም ትርጕሙን ሳያውቅ የደገመው ብዙ ነው። ሆኖም በቅኔ ቤት መምህሩ የተማሪውን መልስ ሳይሰማ ያለፈበት ማታ የለም፤ ይህን አንድ ነገር አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን።

ዘመናዊው ትምህርት በ1900 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተጀመረ፤ በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ፤ ከጣልያን ወረራ በኋላም ትምህርት ቤቶች እንደ ገና ተቋቁመው በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተከፈተ። ታሪኩን አንባቢዎቻችን በሚገባ ስለሚያውቁት አናስረዝመውም። በእነዚያ ዓመታት ትምህርት ቤት የሚገባው ልጅ ጥቂት ስለ ነበረ መምህሩ እያንዳንዱን በስሙ ያውቀው ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ቍጥር በመጣ ጊዜ ነው። ከግንቦት 7 እስከ 17 ቀን 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት ተወካዮች ዩኔስኮ በጠራው ጉባኤ በአዲስ አበባ ተሰብስበው፣ እስከ 1972 ዓ.ም. ድረስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለአፍሪካ ልጆች ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲዳረስ ወሰኑ። ውሳኔው የተላለፈው በእኛው ከተማ ነበር፤ ይሁንና በዚያ ጊዜ ከኢትዮጵያ ልጆች ትምህርት ቤት የገቡት ከጥቂት እጅ አይበልጡም። መምህራኑ ከየት ይምጡ? ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ ራዲዮና ቴሌቪዥን ሆነ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ወዲያው ለአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የሚሆን ትምህርት ማሰራጨት ተጀመረ፤ የትምህርት ራዲዮም እየሰፋ ሄዶ በኋላ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ጣቢያ ተተከለለት። አንድ ጥሩ መምህር ስቱዲዮ ተቀምጦ መቶ ሺህ ልጆችን ያስተምራል የሚለው ሐሳብ በሒሳብ ሲታይ የሚያስጐመጅ ነው።

በ1964 ዓ.ም. የተፈጸመው የትምህርት ዘርፍ ጥናትም ለብዙኃኑ አጭር መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥና ከመደበኛው ትምህርት ቤት ውጭ ያሉ መንገዶች እንዲሰፉ የሚያሳስብ ነበር። ሐሳቡ ለሊቃውንቱ ብልህነት ሆኖ ታያቸው፤ ወላጆች ግን «ልጆቻችን ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳያልፉ ሊታገዱ ነው» ብለው ሰጉ፤ መምህራንም ኑሯቸው እንዳይጐዳ ፈሩ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ካነሧቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ጥናት ነበር፤ የዚያ ወር ሁከት የት እንደ ደረሰ ሁሉ ያውቃል። መምህሩንና ወላጁን ሳያማክር የተነደፈ የትምህርት ዕቅድ ዘውድ እስከ ማናጋት በደረሰ እሳት ላይ እንጨት መጨመሩን የታሪክ ጸሐፊዎቻችን አልፈው አልፈው ብቻ የሚጠቅሱት መሆኑ ያስገርመናል።

ከዚህ ጋራ የሚነጻጸረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፤ በ1972 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ ደረጃ ሽልማት አገኘ። በግድ የተሠራበትና ለፖለቲካ ስብከት የዋለበት ቦታ እንደ ነበረ አይካድም፤ ማንበብ የለመዱትም ብዙዎቹ የሚያነቡት አጥተው መልሰው ረስተውታል። ነገር ግን በየቀበሌው ምሽት ላይ በፋኖስ ብርሃን እጁ የሚንቀጠቀጥ አዛውንት «ሀ» ብሎ ሲጽፍ እጁን ይዞ ያቃናለት ሰው ነበረ። ራዲዮው ያበረታታ ነበር፤ ያስተማረው ግን ያ በአጠገቡ የቆመው ወጣት ነው።

አሁን ወደ ፕላዝማው እንምጣ። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በየክፍሉ ትልቅ የቴሌቪዥን መስተዋት ተሰቀለ፤ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅተው ከሳተላይት በቀጥታ ይሰራጩ ጀመር። ዓላማው የሚናቅ አልነበረም። በጋምቤላ ያለው ልጅና በአዲስ አበባ ያለው ልጅ በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ይማሩ፤ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ሙከራውን በሥዕል ይይ፤ በቂ ሥልጠና ያላገኘ መምህርም በተሻለ መምህር ይደገፍ የሚል ነበር። ሕዋስ ሲከፈል፣ ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ ሲዞሩ በዓይኑ ያየ ተማሪ እስከ ዛሬ እንደማይረሳው እናምናለን፤ ይህን ምስጋና መንፈግ አይገባም።

ጉድለቱ የታየው ክፍል ውስጥ ነው። የአብዛኛው ክፍለ ጊዜ ባለቤት መስተዋቱ ስለ ሆነ መምህሩ መክፈቻና መዝጊያውን ከመጠበቅ በቀር እምብዛም ሥራ አልቀረለትም። በመስተዋቱ ያለችው መምህርት እንግሊዝኛዋ ለተማሪው ጆሮ እንግዳና ፈጣን ነው። ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ጥቂት ሰከንድ ትታገሣለች፤ ከዚያ መልሱን ራሷ ተናግራ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ተማሪው ቢመልስ፣ ቢሳሳት፣ ዝም ቢል ለእሷ አንድ ነው። መብራት ከጠፋም የዚያን ቀን ትምህርት ሳተላይቱ ይዞት ሄደ ማለት ነው፤ ተመልሶ አይመጣም። ከጊዜ በኋላ ቅጂው በየትምህርት ቤቱ ሆኖ መምህሩ በፈቀደው ሰዓት እንዲያሳየው መደረጉ ጥሩ ማሻሻያ ነበር፤ ነገር ግን እስከዚያው ድረስ መምህሩ በገዛ ክፍሉ እንግዳ መሆንን ተለማምዶ ነበር።

ይህን የበለጠ የሚያስረዳን ትምህርት ቤት በዚሁ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በመካኒሳ ይገኛል። የመካኒሳ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ ዓመታት ከአሜሪካ በመጡ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮናውያን የተቋቋመ ነው። በነፋስ የሚመጣ ድምፅ ለእነዚህ ልጆች ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ትምህርቱ በዓይንና በእጅ መካሄድ ግድ ሆነበት። ሚስዮናውያኑ ይዘው የመጡት የአሜሪካን የምልክት ቋንቋ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ቋንቋ የራሱን መልክ ያዘ፤ ለፊደላችንም የእጅ ፊደል ተበጀለት። አሠራሩ የሚያስደንቅ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያልን የምንቆጥራቸው ሰባቱ ቤቶች ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። «በ» እና «ቡ» በወረቀት ላይ በአንዲት ቅጥያ እንደሚለዩ፣ በእጅም አንዱ ቅርጽ በእንቅስቃሴው ይለያል ማለት ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህን ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል።

በእንዲህ ያለ ክፍል መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ ሊያስተምር አይችልም፤ ፊቱን ካዞረ ትምህርቱ ተቋረጠ። የተማሪውንም እጅ ካላየ መልሱን አላገኘም። ይህ የችግር ውጤት ነው፤ ይሁን እንጂ ከቅኔ ቤቱ ማታ ጋራ የሚመሳሰለው ከፕላዝማው ይልቅ ይህ ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሲዘጉ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች በየቤታቸው ቀሩ። ያን ጊዜ እንደ ገና ወደ አየሩ ተመለስን። ለገጠሩ በራዲዮ፣ ለከተማው በቴሌቪዥንና ቴሌግራም በተባለው የስልክ መገናኛ ትምህርት ተላከ። ቴሌግራም የሚለው ቃል ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ እንደ ገና ወደ ንፋስ ስልክ ሰፈር መምጣቱ ሳያስፈግገን አላለፈም። ነገር ግን ስልክ ያለው ልጅና የሌለው ልጅ፣ ራዲዮ ያለበት ቤትና የሌለበት ቤት እኩል አልተማሩም፤ ትምህርት ቤቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መከፈት ሲጀምር የጐደለውን ማን በምን ይሞላዋል የተባለ እምብዛም አልነበረም።

ሒሳቡ የመጣው ጥቂት ቈይቶ ነው። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በጥብቅ ቍጥጥር መሰጠት በተጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከግማሽ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሆነ። ለዚህ ውድቀት ፕላዝማውን ወይም ወረርሽኙን ብቻ መክሰስ ቀላል ነው፤ ጦርነትም ነበር፤ ድህነትም አለ። ይልቅ ያሳሰበን ሌላ ነው። ተማሪው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲማር የማያውቀውን አለማወቁን የነገረው ሰው አልነበረም፤ የነገረው የፈተናው ወረቀት ነው።

አሁን የሚመጣው መሣሪያ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነው። ከቀደሙት የሚለይበትን ሳንሸሽግ እንናገር፤ ይህ መሣሪያ ይመልሳል። ተማሪው በጻፈለት ልክ መልስ ይሰጣል፤ አይሰለችም፤ አይቆጣም። ራዲዮውም ፕላዝማውም ይህን አልቻሉም ነበርና ታላቅ ለውጥ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን የኮምፒዩተር ጥበብ የማስተማር ዕቅድ ማውጣቱም ከዚሁ ዘመን ጋራ ለመራመድ ነው። ነገር ግን መሣሪያው መልሱን ቶሎ ይሰጣል፤ ሳይለፋ መልስ ያገኘ ተማሪም በመስተዋቱ ፊት ተቀምጦ መልሱን ሲጠብቅ ከነበረው ተማሪ ብዙ አይርቅም። የቅኔ መምህሩ መልሱን እያወቀ «ሂድና እንደ ገና ቍጠር» ማለቱ ከዕውቀቱ ሁሉ የበለጠ ጥበቡ ነበር። በተጨማሪም መሣሪያው በእንግሊዝኛ ሲናገር አንደበቱ ይፈታል፤ በቋንቋዎቻችን ግን ገና ይንተባተባል፤ በመካኒሳ እጅ የሚነገረውንማ ጨርሶ የሚያነብ ለመሆን ብዙ ይቀረዋል።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የሁለተኛ ደረጃ መምህራንና የትምህርት ቤት መሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው በሚያስተምሩት ትምህርትና በማስተማር ዘዴ ሠልጥነዋል። በጎ ጅምር ነው። መምህሩ ከሥልጠናው ተመልሶ ክፍሉ ሲገባ የእያንዳንዱን ተማሪ መልስ ሰምቶ የሚያርምበት ጊዜ እንዲኖረው ግን የተማሪው ብዛት፣ የክፍለ ጊዜው ርዝመትና የመምህሩ ደመወዝ አብረው መታየት አለባቸው። በመጪው ዓመት ለአዳዲስ መሣሪያዎች የሚጠየቀው በጀት ሲዘጋጅ እነዚህ ሦስቱ በዚያው ሠንጠረዥ ላይ፣ ከመሣሪያው ዋጋ ጐን እንዲጻፉ እናሳስባለን።