አስፋልቱ ኢሲዮሎ ላይ ያበቃ ነበር
(የሞያሌ – ናይሮቢ መንገድና የሕዝብ ገንዘብ ታሪክ)



የዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት አዘጋጆች «የመጣንበትን መንገድ» እንድንጽፍ ሲጠይቁን ወዲያው ትዝ ያለን ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ያለው፣ ወደ 800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መንገድ ነው። ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር የገባነው በዚያ በኩል ነውና።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በሞያሌ የመጣን ሰዎች ታሪካችን ይመሳሰላል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከብት በጫነ የጭነት መኪና ላይ፣ ከበሬዎቹ በላይ ያለውን ብረት ጨብጠን፣ ፊታችንን በነጠላ ጠቅልለን ነው የተጓዝነው። ዲዳ ገልገሉ የሚባለውን ድንጋያማ በረሃ ስናቋርጥ አንዳችን የሌላችንን ፊት በአቧራው ምክንያት መለየት ያቅተን ነበር። ሽፍታ ስለሚፈራ መኪኖቹ ለብቻቸው አይንቀሳቀሱም፤ በታጠቁ ፖሊሶች ታጅበው ተከታትለው ነው የሚሄዱት። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ሁለትና ሦስት ቀን ጭቃ ውስጥ ይታደራል። በመጨረሻ ኢሲዮሎ ስንደርስ የመኪናው ጩኸት ድንገት ረገብ ይላል። አስፋልት ማለት ነው። በሰሜኑ ክፍል የሚኖረው ሕዝብ ወደ ናይሮቢ የሚሄደውን ሰው «ኬንያ ልትሄድ ነው?» ብሎ ይጠይቅ እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው። በኬንያ ምድር ላይ ቆሞ «ኬንያ ልትሄድ ነው?» ማለቱ ያን ጊዜ ያስቀን ነበር። ምክንያቱን ስናውቅ ግን ሳቁ ቀረ።

ዛሬ ልጆቻችን ለእረፍት ወደ አገር ቤት ሲሄዱ ማታ ናይሮቢ አውቶቡስ ላይ ተሳፍረው ጠዋት ሞያሌ ይደርሳሉ። ይህ ለውጥ ከሰማይ አልወረደም። ማን ከፈለ? ለምን ያን ያህል ዘገየ? ይህን ጽሑፍ የጻፍነው በተለይ ለእነርሱ ነው።

የባቡሩ ዘመን

ነገሩ ከባቡር ይጀምራል። የእንግሊዝ መንግሥት ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚደርሰውን የኡጋንዳ ባቡር በ1896 መዘርጋት ጀመረ። ሐዲዱ በ1899 ናይሮቢ ደረሰ፤ ያን ጊዜ ናይሮቢ ከተማ ሳትሆን የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ነበረች። በ1901 መጨረሻም ሐይቁ ዳር ተጠናቀቀ። ወጪው ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሲሆን የተከፈለውም ከእንግሊዝ ግብር ከፋይ ኪስ ነው። በለንደን ምክር ቤትም ብዙ ክርክርና ፌዝ አስነስቷል።

ያ ሁሉ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ባቡሩ የሚጭነው እህልና ቡና መገኘት ነበረበት። በመሆኑም ሰፋሪዎች በሐዲዱ አካባቢ ባለው ለም ደጋ እንዲሰፍሩ ተደረገ። መጋቢ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሐኪም ቤቱ ሁሉ ሐዲዱን ተከትሎ ሄደ። ከኢሲዮሎ በላይ ያለው ሰፊ ምድር ግን ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ የሚያዋስን አጥር ተደርጎ ተቆጠረ። ያለ ፈቃድ የሚገባበትም የሚወጣበትም አልነበረም። ለአስተዳደርና ለጥበቃ ካልሆነ በቀር ገንዘብ አልወጣበትም።

የ1965ቱ ሰነድ

ኬንያ በ1963 ነጻ ስትወጣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ጦርነት ተነሣ። እስከ 1967 የቆየው ይህ ጦርነት «የሽፍታ ጦርነት» ይባላል። «ሽፍታ» የራሳችን ቃል መሆኑን ልብ ይሏል። ከእኛ ቋንቋ ወጥቶ በኬንያ የመንግሥት ወረቀት ላይ ለመስፈር በቃ፤ የሰሜኑም ሰው ለብዙ ዘመን በዚሁ ስም ተጠረጠረ።

በዚሁ መካከል በ1965 መንግሥት ስለ አፍሪካ ሶሻሊዝምና ስለ ልማት ዕቅድ የሚናገር «ሴሽናል ፔፐር ቁጥር 10» የተባለውን ታዋቂ ሰነድ አወጣ። የልማት ገንዘብ ከፍተኛ ምርት በሚያስገኝበት ቦታ ላይ እንዲውል ይላል። ይኸውም ለም መሬትና በቂ ዝናብ፣ እንዲሁም መጓጓዣና ኃይል ቀድሞ ያለው አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ የሚገኘው ትርፍ ለሌላው ይዳረሳል ተብሎ ታሰበ።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ ክፉ አይመስልም። አዲስ መንግሥት ነው፤ ገንዘቡ ጥቂት ነው። ነገር ግን መንገድ ያለው መንገድ ተጨመረለት፤ የሌለው ሳይኖረው ቀረ። እኛ እቁብ የምንጥል ሰዎች ስለሆንን ነገሩ በቀላሉ ይገባናል። እቁብ ላይ ዕጣው ዘግይቶም ቢሆን ለሁሉም ይደርሳል። የማርሳቢትና የሞያሌ ሰው ግን ስኳር ሲገዛ፣ ከብት ሲሸጥ ቀረጥ እየከፈለ ከ40 ዓመት በላይ ዕጣው አልወጣለትም። አስፋልቱ ኢሲዮሎ ላይ ቆሞ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

መንገዱ በማን ገንዘብ ተሠራ?

ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ በአራት ተከፍሎ ነው የተሠራው። የመጀመሪያው ከኢሲዮሎ እስከ ሜሪሌ ወንዝ ያለው 136 ኪሎ ሜትር ሲሆን በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድርና በኬንያ መንግሥት በጀት ሥራው በ2007 ተጀመረ። ከሜሪሌ እስከ ማርሳቢት ያለውን የአውሮፓ ኅብረት ከኬንያ መንግሥት ጋር ሸፈነ። ከማርሳቢት እስከ ቱርቢ፣ ከቱርቢም እስከ ሞያሌ ያሉት ሁለቱ ክፍሎች እንደገና በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር ተሠሩ። በ2017 መንገዱ በሙሉ አስፋልት ለብሶ ነበር። በኢትዮጵያ በኩልም ከሐገረ ማርያም በያቤሎ አድርጎ እስከ ሜጋ ያለው መንገድ የተሠራው በዚሁ ባንክ ገንዘብ ነው። በታኅሣሥ 2020 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያውን መረቁ።

እዚህ ላይ ልጆቻችን እንዲያውቁት የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። በመንገድ ዳር በቆመው ሰሌዳ ላይ የባንክና የአበዳሪ አገር ስም ስናይ «እነ እገሌ ሠሩልን» እንላለን። እርዳታ የሆነው ክፍል አለ፤ ብድር የሆነው ግን ሰጭው ለጊዜው ነው የሰጠው። የሚመልሰው እዚህ የሚኖረውና የሚገበያየው ሁሉ ነው።

ለጥገናውም እንዲሁ። በ1993 በወጣ ሕግ መሠረት ከእያንዳንዱ ሊትር ቤንዚንና ናፍጣ ላይ ለመንገድ ጥገና የሚሆን ገንዘብ ይቆረጣል። ይህ ቁራጭ በ2024 ከ18 ሽልንግ ወደ 25 ሽልንግ ከፍ ብሏል። እንግዲህ በዚያ ሒሳብ ታክሲ የሚነዳ ወንድማችን 40 ሊትር ሲቀዳ 1,000 ሽልንግ ለመንገድ ሰጠ ማለት ነው። ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ በ2017 የተከፈተውም አዲሱ ባቡር እንዲሁ ነው። ወጪው ወደ 3.6 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተወሰደ ብድር ነው። ለባቡሩ ሲባል ከ2013 ጀምሮ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 1.5 ከመቶ ቀረጥ ተጣለ። ኢስሊ ሱቅ ያላቸው እኅቶቻችን ዕቃ ባስገቡ ቁጥር ይህን ሲከፍሉ ኖረዋል፤ ባቡሩን ግን ተሳፍረውበት የማያውቁ ብዙዎች ናቸው።

ከባሕር በታች የመጣው መስመር

መንገድ ብቻ አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ለአገር ቤት ዘመድ ደብዳቤ ለመላክ ደቂቃ እየቆጠሩ መክፈል እንዴት እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ኬንያ ያን ጊዜ ከዓለም ጋር የምትገናኘው በሳተላይት ብቻ ስለነበር ዋጋው አይቀመስም ነበር። የአካባቢው አገሮች በጋራ ሊዘረጉት ያሰቡት የባሕር ውስጥ መስመር በስምምነት እጦት ሲጓተት፣ የኬንያ መንግሥት ቲምስ የተባለውን የራሱን መስመር ከኤምሬትስ ፉጃይራ እስከ ሞምባሳ ለመዘርጋት ወሰነ። ከኬንያ ድርሻ ውስጥ መንግሥት 20 ከመቶ ያህሉን ይዞ ቀሪውን የቴሌኮም ኩባንያዎች እንዲያዋጡ አደረገ። መስመሩ በሰኔ 2009 ሞምባሳ ደረሰ። የሕዝብ ገንዘብ ቀድሞ ሲገባ ሌላው ተከትሎ መግባቱን ያየንበት ሥራ ነው።

በ2007 የተጀመረው ኤምፔሳም ቢሆን ሲጸነስ ከእንግሊዝ የልማት መሥሪያ ቤት ወደ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ድጋፍ አግኝቶ ነበር። ለእናቶቻችን የወር አስቤዛ በስልክ የምንልክበት ዘዴ መነሻው ላይ የሌላ አገር ግብር ከፋይ እጅ አለበት።

መብራት ወዲያና ወዲህ

ሞያሌ ሁለት አገር የሆነች አንዲት ከተማ ናት። የኬንያው ሞያሌ ለብዙ ዓመታት መብራት ያገኝ የነበረው ከናይሮቢ ሳይሆን ከኢትዮጵያ ወገን ነው። የኬንያ የኃይል መስመር እዚያ አልደረሰምና ጎረቤት ጎረቤቱን አበራለት። ከዚያ በኋላ ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ሊሸከም የሚችል ታላቅ መስመር በሁለቱ መንግሥታት ገንዘብና በልማት ባንኮች ብድር ተዘረጋ። ኬንያም በኅዳር 2022 በዚህ መስመር 200 ሜጋ ዋት መግዛት ጀመረች።

በሌላ በኩል ደግሞ የሚያሳዝን ትምህርት አለ። በማርሳቢት አውራጃ፣ ሎያንጋላኒ አጠገብ 310 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 365 የነፋስ ተርባይኖች በግል ኩባንያ ተተክለው በ2017 ዝግጁ ነበሩ። ኃይሉን ወደ መሐል አገር የሚወስደው፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መስመር ግን የመንግሥት ድርሻ ነበር፤ ያለቀውም በ2018 ነው። ነፋሱ ይነፍሳል፤ ተርባይኖቹ ቆመዋል፤ መስመር የለም። መንግሥት በውሉ መሠረት ለዘገየበት ጊዜ ካሳ መክፈል ግድ ሆነበት። ያም ቢሆን ከሕዝብ ኪስ ነው።

«የሰው አገር ምን አገባን?»

በስብሰባዎቻችን ላይ ይህ ጉዳይ ሲነሣ «የሰው አገር ነው፤ ምን አገባን? አርፈን እንኑር» የሚሉ አባቶች አሉ። ፍርሃታቸውን እናከብራለን፤ በስደት የተማሩት ነው። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ከምንቀዳው ነዳጅ፣ ከምንገዛው ሳሙና ሁሉ እንከፍላለን። ከፋይ ደግሞ የመጠየቅ ፈንታ አለው።

የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት ይህን በር ከፍቶታል። 47 አውራጃዎች የየራሳቸው አስተዳደር እንዲኖራቸው፣ ከአገሪቱ ገቢም ቢያንስ 15 ከመቶ እንዲደርሳቸው ደነገገ። ለተረሱ አካባቢዎች ውኃ፣ መንገድ፣ ጤናና መብራት የሚውል ግማሽ ከመቶ የማመጣጠኛ ፈንድም አቋቋመ። ነገር ግን ገንዘቡን ማን ያስተዳድረው በሚል ክርክር ፈንዱ ለዓመታት ተጓቶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ሕግ መጻፍና ገንዘብ መድረስ የተለያዩ ናቸው። በሰኔ 2024 የኬንያ ወጣቶች በፋይናንስ ሕጉ ረቂቅ ላይ አደባባይ የወጡት፣ ብዙዎችም ሕይወታቸውን ያጡት፣ «ግብራችን የት ገባ?» ብለው ነው። ረቂቁም ተነሣ።

እኛ ይህን ጥያቄ ከማንም አልተማርነውም። በእድራችን የሒሳብ ቀን ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ይዘው ሲቆሙ፣ ለድንኳኑ ስንት ወጣ፣ ለወንበሩ ስንት ወጣ፣ ደረሰኙስ የታል ብለን እንጠይቃለን። ገንዘብ ያዡን ስለጠላናቸው አይደለም፤ ሐዘን የሚደርሰው ለሁላችንም ስለሆነ ነው። ሕገ መንግሥቱ በመንግሥት ገንዘብ ጉዳይ ሕዝብ እንዲሳተፍ ያዝዛል፤ አውራጃዎችም የበጀት ስብሰባ ይጠራሉ። እዚህ ተወልደው የዚህ አገር ዜጋ የሆኑ ልጆቻችን ያን ወንበር ባዶ እንዳይተዉት አደራ እንላለን። የአንድ ሰፈር የውኃ ቧንቧ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚወሰነው እዚያ ነውና።

በመጪው እረፍት ሞያሌ የምትሄዱ ልጆች፣ አውቶቡሱ ኢሲዮሎን ሲያልፍ ለአፍታ ንቁና በመስኮት ተመልከቱ። ወላጆቻችሁ አስፋልት የተቀበላቸው እዚያ ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የዚያ አካባቢ ሰዎች ከ40 ዓመት በላይ ጠብቀውታል፤ ዕዳውንም ገና አብረናቸው እየከፈልን ነው።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ለሁላችን!