የበገና አውታር

አውታር፣ በበገና ብርኩማ (አውታሩን በሚደግፈው ድልድይ) እና በቀንበሩ (በላይኛው አግዳሚ እንጨት) መካከል የሚወጠር ጅማት ሲሆን ቁጥሩ 10 ነው፤ ጥንት ከበግ አንጀት ተገምዶ ይበጅ የነበረው ዛሬ በብዙ ደርዳሪዎች ዘንድ በናይለን ተተክቷል። ናይለን እርጥበት ብዙም ስለማይለውጠው ቅኝቱን ይጠብቃል፤ አንጀቱ ግን፣ ባለቤቱ ከመንዝ ደጋ ወደ ካራቆሬ ቆላ ሲወርድ፣ ከአየሩ ጋር እየላላና እየጠበቀ ደጋግሞ መቃኘት ይሻል፤ ስለ ጣዕመ ዜማው ሲባል ድካሙ ለደርዳሪው አይበዛበትም። አውታሩ ከልኩ ቢቀጥን፣ ለበገና የተገባውን ወፍራም ድምፅ ለመስጠት ከመጠን በላይ መላላት ግድ ይሆንበታልና፣ በእርሱና በብርኩማው መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ የተባለው፣ የሚያወጣው ነዛሪ ድምፅ ይዛባል።