የዛዛና የሲሞን ወዳጅነት

ወላጆቻችሁ «አይሆንም» ያሉትን ነገር ልባችሁ አጥብቆ ሽቶ ያውቃል? እንግዲያው የሁለት ፈረንሳውያን ልጃገረዶችን ታሪክ ላጫውታችሁ። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሲሞን ደ ቦቯር በ1908 በፓሪስ ተወለደች። እናቷ አጥባቂ ካቶሊክ ነበረች፤ አባቷ ግን እምነት አልነበረውም። በልጅነቷ በካቶሊክ ትምህርት ቤት ኤሊዛቤት ላኮዋን ከምትባል ልጅ ጋር ተዋወቀች። ይህችን ልጅ ቤተሰቦቿ «ዛዛ» ይሏት ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ካልሆኑ የማይሆንላቸው ጓደኛሞች ሆኑ።

በኋላ የሲሞን አባት ሀብቱን አጣ። ሴት ልጆቹ ወደ ባል ቤት ይዘውት የሚሄዱት ገንዘብ ስላልነበረ ተምረው ሥራ መያዝ ግድ ሆነባቸው። ድህነት በር ከፈተላት ማለት ነው! የዛዛ ቤተሰብ ግን ባለጠጋ ነበር፤ ከእርሷ የሚጠበቀውም እናቷ የፈቀደችውን ማግባት ነበር። ዛዛ ከልቧ አማኝ ነበረችና እናቷን አለመታዘዝ እግዚአብሔርን አለመታዘዝ መሰላት። በኋላ ስመ ጥር ፈላስፋ የሆነውን ሞሪስ ሜርሎ-ፖንቲን ወደደች፤ ቤተሰቧ ተቃወመ፤ ጋብቻውም ሳይሆን ቀረ። በኅዳር 1929 ድንገት ታማ በ21 ዓመቷ ሞተች። በዚያው ዓመት ሲሞን ከባዱን የፍልስፍና መምህራን ፈተና ሁለተኛ ሆና አለፈች። አንደኛ የወጣው ዣን ፖል ሳርትር ነበር።

ሳርትር የኤግዚስቴንሻሊዝም ዋና ድምፅ ሆነ። ብዙዎቻችን ይህን ፍልስፍና የከሓዲዎች ብቻ አድርገን እንቆጥረዋለን፤ ነገር ግን ከአባቶቹ አንዱ የዴንማርኩ ሶረን ኪርክጎር ክርስቲያን ነበር። ለሳርትር ሰው አስቀድሞ የተጻፈለት ማንነት የለውም፤ በምርጫው ራሱን ይሠራል፤ ሁልጊዜም ነጻ ነው። በ1940 ሲሞን በዚህ ነጥብ ሞገተችው፦ ከግቢ እንዳትወጣ የተዘጋባት ሴት ምን ዓይነት ነጻነት አላት?

እኔ እንደሚመስለኝ የሲሞን ፍልስፍና ከሳርትር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ምርጫ ባዶ ሜዳ ላይ አይደረግም፤ ሕግ፣ ገንዘብና ልማድ ያጥሩታል። በ1947 ባሳተመችው የሥነ ምግባር መጽሐፏ የእኔ ነጻነት የሌላውን ነጻነት ካልፈለገ ከንቱ ነው ብላ ተከራከረች። በ1949 «ሁለተኛው ጾታ» በተባለው መጽሐፏ ይህንኑ በሴቶች ኑሮ ላይ አዋለችው። ጊዜውን አስቡት፦ ፈረንሳውያት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጡት በ1945 ነው፤ ባለትዳሮቹም ያለ ባል ፈቃድ የባንክ ሒሳብ የመክፈት መብት ያገኙት በ1965 ነው። ለሴቶችም ቢሆን የሚጎረብጥ ቃል ነበራት፦ ሌላ ሰው ሲወስንልን ኃላፊነት ስለሚቀልልን አንዳንዴ እስራቱን እንወደዋለን አለች። ቫቲካን መጽሐፉን በ1956 ከተከለከሉ መጻሕፍት መዝገብ ጨመረችው።

ሲሞንን ቅድስት አድርጌ አላቀርብላችሁም። ገና በ14 ዓመቷ ገደማ እምነቷን ትታለች። ስለ ሌላው ነጻነት የጻፈችው ሴት ወጣት ተማሪዎቿን ጎድታለች፤ ከእነርሱ አንዷ ቁስሏን ከብዙ ዓመት በኋላ በመጽሐፍ አውጥታዋለች።

ዛዛን ግን አልረሳቻትም። በ1954 ስለ እርሷ አጭር ልብ ወለድ ጽፋ ለሳርትር አሳየችው፤ እርሱ አልወደደውም፤ እርሷም አላሳተመችውም። ሲሞን በ1986 ሞተች። የዛዛ ታሪክ የታተመው በ2020 ነው።