የመመለስ መብትና የመቀበል ግዴታ

በ1948 የጸደቀው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ፣ ማንኛውም ሰው ከአገሩ የመውጣትና ወደ አገሩ የመመለስ መብት እንዳለው በ13ኛው አንቀጽ ደንግጓል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ድንጋጌ መሠረት የመመለሱ ባለመብት ራሱ ተጓዡ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ግን ጉዳዩ በሌላ ገጽ ቀረበ። በ2000 በአውሮፓ ኅብረት ወገንና በአፍሪካ፣ በካሪቢያንና በፓሲፊክ አገሮች መካከል በኮቶኑ የተፈረመው ስምምነት፣ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ በሌላው ግዛት የሚገኘውን ዜጋ መንግሥቱ በተጠየቀ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ሥርዓት መልሶ እንዲቀበል አስገደደ። ይህም የሰፈረው በ13ኛው አንቀጽ ነው። የአንቀጾቹ ቁጥር አንድ ቢሆንም መንፈሳቸው ይለያያል፤ በመጀመሪያው መመለስ የሰው መብት ሲሆን፣ በሁለተኛው አንዱ መንግሥት ከሌላው የሚጠይቀው ግዴታ ሆኗል።

የገዛ ዜጋን የመቀበል ግዴታ በሕግ ረገድ እምብዛም አያከራክርም፤ የሚያከራክረው ማስረጃው ነው። ፓስፖርት በእጁ ለሌለ ሰው ኤምባሲው የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው ዜግነቱ ሲረጋገጥ ነው። በአፍሪካ ቀንድ ደግሞ ሶማሊኛም ሆነ ትግርኛ ከድንበር ወዲህና ወዲያ ስለሚነገር፣ ቋንቋ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ስለሆነም ኢትዮጵያና የአውሮፓ ኅብረት በኖቬምበር 2015 የጋራ የፍልሰት አጀንዳ ከተፈራረሙ በኋላ፣ ማንነትን የማጣራቱና ተመላሾችን የመቀበሉ ሥርዓት በ2018 ተወሰነ። አፈጻጸሙ ግን ኅብረቱን አላረካም። በኤፕሪል 2024 የኅብረቱ ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ቪዛ አሰጣጥ ላይ ገደብ ጣለ፤ መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲራዘም፣ የመመላለሻ ቪዛም እንዳይሰጥ አደረገ። በዚህም የተነሣ በመንግሥታት መካከል የተፈጠረው አለመግባባት በሕጋዊ መንገድ በሚያመለክተው ተማሪና ነጋዴ ላይ ጭምር ዐረፈ።

በቀይ ባሕር ማዶ የታየው ችግር የመዘግየት ሳይሆን የጥድፊያ ነበር። ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ሰነድ ለሌላቸው የውጭ አገር ሠራተኞች የሰጠችው የምሕረት ጊዜ በኖቬምበር 2013 መግቢያ ላይ ሲያበቃ አሰሳው ተጀመረ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ገቡ። በ2017 ሌላ የምሕረት ዐዋጅ ወጣ፤ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት ገደማ የተመለሱት ከ260,000 በላይ ነበሩ። በ2022 ደግሞ ከ100,000 በላይ ዜጎችን ለመመለስ እንደገና ስምምነት ተደረሰ።

ይህ ተደጋጋሚ ታሪክ የሚያስረዳው፣ የተመላሾች ቁጥር ብቻውን የፖሊሲ መለኪያ ሊሆን እንደማይችል ነው። ለደላላ የተከፈለው ብድር ከተመላሹ ጋር አብሮ ይመለሳል፤ ለስንቁ የተሸጠው በሬ ግን አይመለስም። ዕዳው ሳይከፈልና ሥራ ሳይገኝ የቀረ ሰው ያንኑ መንገድ ዳግመኛ ለመሞከር ይገደዳል። ወደፊት የሚዋዋሉ መንግሥታትም ሆኑ የሚያማክሯቸው ባለሙያዎች ስለ ሰነድና ስለ በረራ በሚደነግጉበት ዝርዝር ልክ፣ ተመላሹ ከአውሮፕላን ከወረደ በኋላ ስለሚጠብቀው ኑሮ ሊደነግጉ ይገባል። ያለዚያ የመቀበል ግዴታ በወረቀት ተፈጽሞ በተግባር ሳይፈጸም ይቀራል።