የአያት አንቀጽ

«ግራንድፋዘር ክሎዝ» ዛሬ በአሜሪካ ጠበቆች አፍ ገራገር ቃል ነው፤ አዲስ ሕግ ሲወጣ ነባሩ በቀድሞው ይቀጥል ማለት ነው። ትውልዱ ግን ከምርጫ መዝገብ ነው። የሉዊዚያና ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1898 መራጩን ማንበብና መጻፍ ወይም ንብረት ጠየቀ፤ እሱ፣ አባቱ ወይም አያቱ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1867 የመምረጥ መብት የነበራቸውን ግን ማረ። «ጥቁር» የሚል ቃል አልገባበትም፤ ምን ያደርጋል! ኮንግረስ በደቡብ ለጥቁሮች የምርጫን በር የከፈተው በዚያው ዓመት ማርች ላይ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኦክላሆማን ተመሳሳይ አንቀጽ በ1915 ሻረው። ኦክላሆማ መች አርፋ! በማግስቱ ዓመት፣ ቀድሞ ያልመረጠ በ12 ቀን ውስጥ ካልተመዘገበ መብቱን የሚያሳጣ ሕግ አወጣች። እሱም እስከ 1939 ቆየ።