ከእንጦጦ ቁልቁል፣ ወደ ሙቁ ውሃ

ባለፈው ዓመት ለእናቴ በግቢያችን ውስጥ የሙቅ ውሃ ገንዳ ላሠራላት ተነሣሁ። ጉልበቷን ቁርጥማት ከያዛት ቆይቷል። በየሁለት ሳምንቱ ፍልውሃ እወስዳት ነበር፤ መንገዱና ታክሲው እየከበዳት ሲሄድ ግን «ውሃውን እቤቷ ባመጣላትስ?» አልኩ። ቦታ ስመርጥና ከግንበኛ ጋር ስማከር ታዲያ አንድ የቆየ ታሪክ ደጋግሞ ይመጣብኝ ጀመር። ለመሆኑ ይህች የምንኖርባት ከተማ የተቆረቆረችው በዚሁ ጥያቄ አይደለምን? ሙቁ ውሃ የት ነው? ቤቱስ የት ይተከል?

እንደሚታወቀው ንጉሥ ምኒልክ ከተማቸውን ያደረጉት እንጦጦ ላይ ነበር። ተራራው ለጠላት አይመችም፤ ለነዋሪውም ግን አይመችም። ብርዱና ነፋሱ ይበረታል፣ ማገዶው እየራቀ ይሄዳል። ከሥሩ፣ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ያለ ማገዶ የሚፈላ ውሃ አለ። መኳንንቱና ቤተሰባቸው እየወረዱ፣ ድንኳን እየተከሉ ይታጠቡ ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉት የምኒልክ ታሪክ እንደምናነበው፣ ወይዘሮ ጣይቱ ቦታውን ወደዱትና ቤት መሥሪያ ጠየቁ። በ1879 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ወደ ሐረር በዘመቱበት ዓመት፣ ቤቱ ተሠራ፤ ስሙንም «አዲስ አበባ» አሉት።

እኔን ያስገረመኝ የቦታው አመራረጥ ነው። ቤተ መንግሥቱ የተተከለው ከፍሉ ዳር ሳይሆን ወደ ላይ ከፍ ካለው ኮረብታ ላይ ነው። ከውሃው ሳይርቁ፣ ግን ደረቅ መሬት ላይ። ቀዝቃዛውንስ ከየት አመጡት? በ1880ዎቹ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ግቢው ድረስ ቧንቧ ዘረጉ። የምንጩ መነሻ ከግቢው ከፍ ያለ ስለነበር ውሃው ቆላውን ተሻግሮ ያለ ሞተር ወደ ኮረብታው ወጣ። ሙቁ ውሃ ከታች፣ ቀዝቃዛው ከላይ፣ ቤቱ መካከል።

እኔ ግን እንዲህ አላሰብኩም። መጀመሪያ ያማረኝ የፎቁ በረንዳ ነበር፤ ፀሐይም እይታም አለው። ግንበኛው ሜትሩን ዘርግቶ ለካና ሳቀ። ገንዳው አንድ ሜትር ከ60 በአንድ ሜትር ከ50፣ የውሃው ጥልቀት 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ 1,200 ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ አንድ ሊትር ደግሞ አንድ ኪሎ ይመዝናል።

«ጋሼ፣ በረንዳዎ ላይ መኪና ሊያቆሙ ነው እንዴ?» አለኝ።

ከዛፉ ሥር አልኩት። ሥሩ ወለሉን ያነሣል፣ ቅጠሉ ገንዳውን ይሞላል አለኝ። ከበሩ አጠገብ አልኩት። እማማ በሰው ፊት አይታጠቡም አለኝ። በመጨረሻ ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለውን ማዕዘን ሁለታችንም ወደድነው። ግድግዳው ነፋስ ይከላከላል፤ የመብራቱ መስመር ቅርብ ነው፤ መሬቱም ወደ ቦዩ ስለሚያዘነብል ገንዳው ሲለቀቅ ውሃው አይተኛም። ሥሩ ተቆፍሮ፣ ድንጋይ ተነጥፎ፣ ብረት ገብቶበት ኮንክሪት እንዲሞላ ተስማማን። ኤሌክትሪክ ሠራተኛውም በበኩሉ ኧርዝ ካልተቀበረና መብራቱ በሚያፈስበት ቅጽበት የሚቆርጥ ብሬከር ካልተገጠመ ሽቦ እንደማያስገባ ነገረን። ውሃና ኤሌክትሪክ ቀልድ አያውቁም።

ቀጥሎ የማገዶው ነገር መጣ። 1,200 ሊትር ውሃን ከ18 ዲግሪ ወደ 38 ለማድረስ 28 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ሦስት ኪሎዋት ያለው ማሞቂያ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ መሥራት አለበት ማለት ነው። ይህን ስሰማ ያ የእንጦጦ ጭንቀት ገባኝ። አዲስ አበባም ብትሆን ከዚያ ጭንቀት አላመለጠችም ነበር። ዙሪያዋ ያለው ደን ሲመናመን ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ዓለምን ሌላ መናገሻ ሊያደርጉ አስበው ነበር፤ ከተማዋን ካዳኗት ነገሮች አንዱ ከውጭ መጥቶ ቶሎ ያደገው ባሕር ዛፍ ነው። እኔም ጣራው ላይ የፀሐይ ማሞቂያ አስቀመጥኩ፤ ለገንዳው ወፍራም ክዳን አሠራሁ። ክዳን የሌለው ገንዳ ሰማይን ያሞቃል።

ቁፋሮው ሊጀመር ሲል እናቴ ወጥታ አየች። ግንበኛው ገመድ የወጠረው በጌሾዋና በጤና አዳሟ መካከል ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ባዶ ቦታ መሰለህ?» አለችኝ።

አፈርኩ። ለእሷ ብዬ ስመርጥ እሷን አልጠየቅኋትም። ያን ጊዜ ነው የታሪኩ ሌላው ገጽ የታየኝ። አዲስ አበባ የሚለው ስም ከመውጣቱ በፊት ቦታው ፊንፊኔ ነበር። የቱለማ ኦሮሞዎች ይኖሩበታል፤ ማዕድን ያለውን ውሃ ከብቶቻቸውን ያጠጡበታል። ከተማው ሲሰፋ የእነሱ መሬትና መሰማሪያ ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ ሰፈር ሆነ። የጣይቱን ምርጫ የሚያደንቅ ታሪክ ብዙ ጊዜ ይህን ዘልሎ ያልፋል፤ እኔም ስዘልለው ነው የኖርኩት። ጥሩ ቦታ መሆኑን ያየ ሰው፣ ከእሱ በፊት ያየው ሰው መኖሩን መጠርጠር ነበረበት።

የእናቴን ግን ለማስተካከል ጊዜው አላለፈም። ገመዱን ሁለት ሜትር ወደ ምሥራቅ አዛወርነው። ነፋሱ ትንሽ ይነካል፤ ስለዚህ አንድ አጭር ግድግዳ ጨመርን። ወጪው ከፍ አለ፤ ጌሾው ግን ቦታው ላይ ነው።

አሁን እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ትገባበታለች፤ ጉልበቷን እያሸች «ተመስገን» ትላለች። ሆኖም በወር አንድ ቀን ፍልውሃ መሄዷን አልተወችም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «የአንተ ውሃ ይሞቃል፤ የዚያኛው ግን ከመሬት ነው የመጣው» አለችኝ። ከዚያም ነጠላዋን አጣፍታ ታክሲ እንድጠራላት አዘዘችኝ።