ዝናር፦ የአንድ የጦር መታጠቂያ ስም ጉዞ

ዝናር የሚለው ቃል ሲነሣ ለአማርኛ ተናጋሪ በዓይነ ኅሊናው የሚታየው ጥይት የተደረደረበት፣ በወገብ ወይም ከትከሻ እስከ ጎን በአግድመት የተጠመጠመ የቆዳ መታጠቂያ ነው። የአርበኛ ፎቶግራፍ፣ የአርበኛ ሥዕል፣ የአርበኛ ገጸ ባሕርይ የሚታይበት ቴአትርም ያለ ዝናር የተሟላ አይመስልም። ይሁን እንጂ ቃሉ ጥይት ከመፈልሰፉ በፊት የነበረ፣ ብዙ አገርና ብዙ ቋንቋ ያቋረጠ፣ በየደረሰበትም ሌላ ሌላ ትርጉም የተሸከመ ጥንታዊ ቃል ነው።

የቃሉ ምንጭ ግሪክኛ ነው። ግሪኮች መታጠቂያን «ዞኔ»፣ ትንሹን መታጠቂያ ደግሞ «ዞናሪዮን» ይሉት ነበር። ይኸው ስም ወደ ሶርያ ቋንቋ ሲሻገር «ዙናራ»፣ ወደ ዐረብኛ ሲገባ «ዙናር» ሆነ፤ በግዕዝና በአማርኛም ዝናር ተብሎ ጸና። የግሪክ ሊቃውንት መሬትን በሙቀትና በብርድ መጠን ከፋፍለው ሲያስረዱ እያንዳንዱን ክፍል መሬትን እንደ መታጠቂያ የዞረ አድርገው ስለ ቈጠሩት «ዞኔ» ብለውታል። ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ በአገራችን የአስተዳደር እርከን መጠሪያ የሆነው ዞንም ከዚሁ ቃል በአውሮፓ ቋንቋዎች በኩል የመጣ ነው። እንግዲህ ዝናርና ዞን በሁለት የተለያዩ በሮች ወደ አማርኛ የገቡ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ቃሉ በመካከለኛው ምሥራቅ በቆየበት ዘመን የጦረኛ ምልክት አልነበረም። በ850 እ.ኤ.አ. የአባሲዶች ኸሊፋ አል-ሙተወኪል በግዛቱ የሚኖሩ ክርስቲያኖችና አይሁድ ከሌላው ሕዝብ ተለይተው እንዲታወቁ ካዘዛቸው የልብስ ምልክቶች አንዱ ዝናር ነበር። በዚህ ድንጋጌ መታጠቂያው የተገዥነት መለያ ሆነ ማለት ነው። በአንጻሩ በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ ዝናር ካህኑ ለቅዳሴ ሲቆም ወገቡን የሚያስርበት የክብር ልብስ ስም ነው። አንዱ በትእዛዝ ያሰረውን ሌላው በክብር ታጠቀው።

ኢትዮጵያ ይህን ቃል ስትቀበል የመታጠቂያ ስም አጥታ አልነበረም። ግዕዝ መታጠቅን «ቀነተ»፣ መታጠቂያን «ቅናት» ይላል፤ ይህም በአማርኛ ምቀኝነትን ከሚያመለክተው ቅናት ጋር ዝምድና የለውም። የሴቶች መቀነት የተገኘው ከዚሁ «ቀነተ» ነው። ወንዱ በወገቡ ላይ ደጋግሞ የሚጠመጥመው ረጅምና ሰፊ የጥጥ መታጠቂያ ደግሞ ድግ ይባላል፤ ጠበቅ አድርጎ መታጠቁም «ደገደገ» ይባላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከዚሁ ቤተሰብ የወጣው «አደገደገ» የሚለው ግሥ ጋቢውን ወይም ኩታውን በወገቡ አሸንፍጦ በጌታው ፊት በትሕትና የሚቆመውን ሰው ሁኔታ ይገልጻል። ሎሌው ያደገድጋል፤ ተዋጊው ይታጠቃል። ሁለቱም የሚያስሩት ወገባቸውን ነው፤ አስተሳሰራቸው ግን የማኅበራዊ ኑሯቸውን ልዩነት ይናገራል።

በጥንቱ የጦር ሥርዓት የኢትዮጵያ ተዋጊ ጋሻውን በግራ ክንዱ ስለሚይዝ ጎራዴውን የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነበር። ጠመንጃ በአፈሙዙ በኩል በሚጎረስበት ዘመንም ባሩዱና አረሩ ለየብቻ ይያዙ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ባሩዱንና አረሩን በአንድ ቀልሃ ያዋሐደው ጥይት ሲመጣ፣ እንደ ወጅግራ ያሉ ጠመንጃዎችም በአገሩ ሲበዙ፣ ተዋጊው ጥይቱን እየነጠለ በፍጥነት የሚያወጣበት መያዣ አስፈለገው። ዝናር የሚለው የቆየ ስም ለዚህ አዲስ ዕቃ ዋለ። የሩቅ አገር ገዥ የበታችነት ምልክት ያደረገው መታጠቂያ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የነጻ ሰው ምልክት የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

አማርኛ በመታጠቅና በመዋጋት መካከል ያለውን ትስስር ከሁሉ አጥብቆ የያዘው «ታጠቀ» በሚለው ግሥ ነው። ትጥቅ በመሠረቱ ወገብ ላይ የሚታሰር ነገር ማለት ሲሆን የመሣሪያ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ ታጣቂ ማለትም መሣሪያ የያዘ ሰው ማለት ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ በፈረሳቸው ስም አባ ታጠቅ ይባሉ ነበር፤ ታጠቅ የትእዛዝ ቃል ነው። የሶማሊያ ወረራ በተቃረበበት በ1969 ዓ.ም. የሚሊሺያ ሠራዊት የሠለጠነበት ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚገኘው ጦር ሰፈርም ታጠቅ ተብሎ ተሰይሟል።

የመታጠቅ ተቃራኒ መፍታት ነው። ትጥቅ መፍታት የሚለው ሐረግ ቃል በቃል ሲታይ የመቀነት መፈታት ያህል ቀላል ይመስላል፤ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ግን ታሪክ ይመሰክራል። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋወሰን ምሕረት ይደረግላችኋል የሚለውን የፋሺስቶች ቃል አምነው ፍቼ ላይ እጃቸውን ሰጡ፤ ወዲያውም ተገደሉ። የደጃዝማች አበራ ባለቤት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ግን ትጥቅ አልፈቱም፤ ተዋጊ አሰልፈው በሸዋ ጠላትን ተዋግተዋል። እንደ እርሳቸው በዱር የታገሉ ሴቶች የቃሎቹን የድሮ ድልድል አናግተውታል፤ መቀነት የሴት፣ ዝናር የወንድ የሚለው ክፍፍል በእነርሱ ወገብ ላይ ፈርሷል።

ስለዚህ ዝናር ለመድረክ አልባሳት አዘጋጅም ሆነ ለደራሲ እንዲያው የዘመን ማሳመሪያ ጌጥ አይደለም። ባለ ቀልሃ ጥይት ከመምጣቱ ቀድሞ በተደረገ ጦርነት ውስጥ የሚታይ ባለጎራዴ ጥይት የሞላበት ዝናር ቢያጠልቅ ታሪኩ ይዛባል። በጌታው ፊት ያደገደገውን ሎሌ ታጥቆ ቆመ ብሎ የጻፈም የሰውየውን ኑሮ ለውጦበታል። በክፍል ውስጥ አንድ መምህር እነዚህን ቃላት ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ተማሪው ከአንድ መታጠቂያ የሎሌውን፣ የካህኑን፣ የሴቲቱንና የአርበኛውን ታሪክ ያነባል። ማን አሰረው፣ ለማን ሲል ታጠቀው ብሎ መጠየቅንም ከዚያው ይማራል።